በስሜ የወጣው ካርድ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በተጀመረ በወሩ ይሁን በሁለተኛው ክረምት፣ ሳስበው ይምታታብኛል። በዚያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓመት የምይዘው በዝናቡና በእህሉ ነበር። ክረምት መሆኑን ግን አውቃለሁ። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው ጭቃ ጫማ እያወለቀ ያስቀር ነበር፤ የሐዋርያት ጾምም ገና አልተፈታም።

ሰሞኑን ነገሩን ያስታወሰኝ ሚኒባስ ላይ የሆነው ነው። የገብስ ዘር ልገዛ ከላሊበላ ወደ ፍላቂት ስሄድ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ስለ ድንበር፣ ስለ ባሕር፣ ስለ ጎረቤት አገር ያወራል። ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ ነገሩ የተበላሸው ያኔ ድምፅ ሲሰጥ ነው አለ። አጠገቡ ያለችው ሴት፣ እኛን ማን ጠየቀን አለችው። ሌላው ደግሞ የሄደ ሄደ፣ ተዉት አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ዝም አለ፤ መቼም ሰው ከማን ጋር እንደተሳፈረ አያውቅም። ሾፌሩም ሬዲዮውን ዘጋው። ያ ዝምታ ነው የድሮውን ያመጣብኝ።

በጎረምሳነቴ ከገነተ ማርያም ወዲህ፣ መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። ወፍጮው የአያ ሀብቶም ነው። አያ ሀብቶም የኤርትራ ተወላጅ ነው፤ ሞተር ሊጠግን መጥቶ፣ የመንደራችንን ልጅ አግብቶ እዚያው የቀረ። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ሲናደድ ብቻ በትግርኛ የሚናገር ሰው ነበር። እኔ እህል አፈሳለሁ፣ ቺንጋው፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ፣ እንዳይወልቅ እጠብቃለሁ፤ ገበያ በማይኖርበት ቀን ደግሞ ሞተሩን አጥፍተን ድንጋዩን እንወቅራለን። የወፍጮ ድንጋይ ጥርሱ ካለቀ ገብሱን ያሞቀዋል እንጂ አይፈጨውም፤ ዱቄቱም ያረረ ቆሎ ይሸታል። አያ ሀብቶም መዶሻውን ሲሰጠኝ «ድንጋዩን አትምታው፣ ንገረው» ይለኝ ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ እጄ ያውቀዋል፣ አፌ ግን እስከ ዛሬ አይችለውም።

ጦርነቱ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት፣ ኤርትራ ትነጠል ወይስ አትነጠል የሚል ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። እኛ አገር የሚኖሩ ተወላጆችም ካርድ አውጥተው ድምፅ ይስጡ ተባለ። ጠላ ቤቱ ሌላ ወሬ ጠፋበት። አንዱ ተነሥቶ፣ ወንድማማች ሲካፈል ሁለቱም ይቀመጣሉ እንጂ አንዱ ብቻውን ተቀምጦ እንዴት ይካፈላል ይላል። ሌላው፣ ያን ያህል ዘመን ደም የፈሰሰበትን ነገር አንተ በጠላ ልትፈርድ ነው ወይ ይለዋል። አያ ሀብቶም ጣሳውን በመዳፉ እያዞረ ይሰማል።

«አያ ሀብቶም፣ ወፍጮውንስ ወደየትኛው ታደርገዋለህ?» ብለው ሲወጉት፣

«ሞተሩ ወደዚያ፣ ድንጋዩ ወደዚህ» ይላቸዋል። ይሳቃል። እሱ ግን ከሁሉም ቀድሞ ነበር ሳቁን የሚያቆመው።

ካርዱን ለማውጣት ደሴ መሄድ ነበረበት፤ ተወላጅነቱን የሚመሰክርለት ሰውም ያስፈልገዋል። እኔን ይዞኝ ሄደ። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን፣ በሶ በኮዳ በጥብጠን እየጠጣን፣ አቧራ ለብሰን ደረስን። ሰልፉ ረጅም ነው። ጸሐፊው ትልቅ መዝገብ ገልጦ ፈርሙ አለን። ቦታው ሁለት ነው፤ አንዱ ሰፋ ያለ፣ አንዱ ጠበብ ያለ። በኛ አገር ምስክር ይከበራል፤ ሽንጎ ላይ እንኳ ለምስክር ነው ቦታ የሚለቀቅለት። ስለዚህ ሰፊው የምስክር መስሎኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ እዚያ ላይ አሳረፍኩ። አያ ሀብቶም በቀለማም ጣቴ ስቆ፣ በቀረው ጠባብ ቦታ ፈረመ። ጸሐፊው ደክሞታል፤ ስማችንን ጠይቆ እንደየፊርማችን ጻፈ። ካርዱ የወጣው በኔ ስም መሆኑን አያ ሀብቶም ያነበበው ሻይ ቤት ከተቀመጥን በኋላ ነው። እንመለስ ስለው «ሰልፉን አላየኸውም?» አለኝ። በድምፅ መስጫው ቀንም በዚያው ካርድ ገባ። ምን እንደመረጠ አልጠየቅሁትም፣ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ ግን እኔን «ያገሬ ልጅ» እያለ ይጠራኝ ጀመር።

ዓመታት አለፉ፤ ሁለቱ አገሮች በድንበር ተጣሉ። ያን ጊዜ ድምፅ የሰጡትን «የሌላ አገር ዜጋ ናችሁ» እያሉ ከየከተማው ለቅመው በአውቶቡስ ወደ ድንበር ይወስዷቸዋል የሚል ወሬ መጣ። አንዳንዱ ልጆቹን እንኳ ሳይሰናበት ነው የተሳፈረው ይባላል። አያ ሀብቶም ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ታናሺቱ ገና ትድሃለች።

አንድ ጠዋት ከሩቅ ከተማ አንድ ሹም ዝርዝር ይዞ መጣ። በዝርዝሩ ላይ ከመንደራችን የሰፈረው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የኔ። መጀመሪያ ተሳቀ። ከሰዓት በኋላ ግን እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ አየኋት፤ ለቀብር እንደሚለበሰው። የመንደሩ ሊቀ መንበር ጠርቶኝ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ ምስክር ነበርኩ በልና ተገላገል አለኝ። የማን ምስክር ብዬ ስጠይቀው ፊቱን አዞረ። አያ ሀብቶም ከየት እንደመጣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሹሙ ብቻ ነበር የማያውቀው።

ነገሩ በሦስተኛው ቀን በአውጫጭኝ ሊታይ ተቀጠረ። አውጫጭኝ ማለት ያገር ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያየ፣ የሰማ፣ የጠረጠረ በየተራ በመሐላ የሚናገርበት ነው፤ ሳያልቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዋዜማውን እኔና አያ ሀብቶም ድንጋይ ስንወቅር ዋልን። አመሻሽ ላይ፣

«ነገ ስሜን ጥራ» አለኝ። «እናትህ ካንተ ሌላ የላትም።»

«ያንተስ ልጆች?»

መዶሻውን አንሥቶ ድንጋዩን መታው፤ ጠርዙ ተሸረፈ። ቀና ሳይል «በኔ የተነሣ በሐሰት እንዳትምል» አለኝ። አልዋሽም፤ ልጠራው ቆርጬ ነበር። መንገዱን ሁሉ የሄድኩት ስሙን በአፌ ይዤ ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ከጥዱ ሥር ተቀመጥን። ካፊያ ነበር። ቄሱ መስቀል ይዘው ቆሙ። ሹሙ መዝገቡን በጃንጥላ ከልሎ ጠየቀኝ።

«ይህ ጣት ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲያው ኤርትራዊ ነህ?»

«የላስታ ልጅ ነኝ፣ ጌታዬ። የሄድኩት ለምስክርነት ነው።»

«ለማን?»

ዝናቡ ከጥዱ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። አያ ሀብቶም ከግንቡ ጥግ ሊነሣ ጋቢውን ሲሰበስብ በዓይኔ ጫፍ አየሁት። ከእሱ ቀድመው አንዲት አሮጊት በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። የመንደራችን አዋላጅ ናቸው፤ ልጅ ዐዋቂው እቴቴ ይላቸው ነበር።

«በአውጫጭኝ ታላቅ ይቀድማል» አሉ። «የዚህን ልጅ እትብት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እናቱ ደጅ ከግራዋው ሥር ነው የቀበርነው፤ ካላመንክ ቆፍር።»

«እማማ፣ እሱን አልጠየቅሁም» አለ ሹሙ። «መዝገቡ ላይ በምስክር ቦታ የፈረመው፣ ያ ወፍጮ ያለው ሀብቶም፣ የማን ልጅ ነው?»

«የኔ።»

«የእርስዎ?»

ቄሱን በእጃቸው ጠርተው መስቀሉን ያዙ። «ሀብቶም ጠብቶኛል። ልጄ ነው። አልጠባኝ እንደሆነ መሬት አትቀበለኝ።»

የሳቀ የለም። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ምክንያቱም ሐሰት አልነበረም። አያ ሀብቶም ሊያገባ ሲል ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ አልነበረውም፤ በኛ አገር ደግሞ ዘመድ ለሌለው ልጅ አይሰጥም። ስለዚህ እቴቴ በሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው እንደ ጡት አጠቡት፤ የጡት ልጃቸው ሆነ። የማሩን ዋንጫ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሹሙ የዚህ አገር ሰው ስላልሆነ እቴቴ የአያ ሀብቶም ወላጅ እናት መስለውት ይሆናል።

ቃሉ በየተራ ዞረ። ሀብቶም እቴቴን ሲጠባ ያየ ይናገር ተባለ። አንዱ አይቻለሁ አለ፤ ሌላውም አይቻለሁ አለ። አንድ ሽማግሌ «አይቻለሁ፣ ጢሙን እንኳ ማር—» ብለው ሲጀምሩ ሚስታቸው በክርናቸው ጎሸሟቸው፤ «ብቻ አይቻለሁ» ብለው ተቀመጡ። የኔ ተራ ደረሰ። መስቀሉ ቀዝቃዛ ነበር። በአፌ ይዤው የመጣሁትን ስም ዋጥኩትና አይቻለሁ አልኩ።

ሹሙ እቴቴን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ስሜ ላይ ሰረዘና «በስህተት የገባ» ብሎ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ ሊቀ መንበሩ ነው በኋላ የነገረን። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣

«እማማ፣ ልጅዎ ዕድሜው ስንት ነው?» አላቸው።

«ከኔ ያንሳል» አሉት።

ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አያ ሀብቶም ልጆቹን አሳደገ፣ ሸበተ። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት እህቴን ልያት ብሎ ወደ አስመራ ሄደ። መንገዱ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። ወፍጮውን ልጆቹ ይዘውታል፤ ከአባታቸው ግን ወሬ የለም። ፍላቂት ደርሼ ዘሩን ስመርጥ ሐሳቤ ከእሱ ጋር ነበር። የሕዝበ ውሳኔውን ትክክለኛነት ለሚያውቁት እተዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚያም አንድ ሹም ዝርዝር ይዞ፣ ይህን ያህል ዘመን ከዚያ ማዶ የኖርከው አንተ የማን ነህ ቢለው፣ ከሰው መካከል የሚነሣለት ይኖር ይሆን? ያን ቀን ለእሱም ለኔም የተነሡልን፣ መንደሩ እቴቴ ብቻ እያለ ስማቸውን የረሳባቸው፣ ወይዘሮ ዝናሽ ወልዴ ናቸው።