ለእትዬ ዙፋን የሸጥኩት ካሜራ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የኮምፒዩተር ዕቃ እሸጣለሁ፤ ስሜ ከማሉ ነው። ነጋዴ ስለሆንኩ የማላውቀው የገዢ ዓይነት የለም እል ነበር። ካሜራ ሊገዛ የሚመጣ ሰው መልኬን አሳምሮ ያሳያል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እትዬ ዙፋን ግን መጥታ የጠየቀችኝ፣ «ከኔ በቀር ለማንም የማይከፍት አለህ?» ብላ ነው።

እትዬ ዙፋን የመተማ ሰው ናት። በወጣትነቷ ሰሊጥ ልታጭድ ድንበር ተሻግራ መጣች፤ ሃያ ዓመት አጭዳ ወገቧ እምቢ ሲላት እዚሁ ቀረች። ፊደል ስለምታውቅ የሠራተኞቹ ዕድር ጸሐፊ አደረጓት። ለአጨዳ ወደ ፋሽጋ የሚወርድ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ቤት ይገባና ስሙን፣ አገሩን፣ ክፉ ቢያገኘው ለማን እንደሚነገርለት ያስመዘግባል። ደብተሩን ምስጥ ስለበላው መዝገቡ ወደ አሮጌ ላፕቶፕ ተዛወረ። የይለፍ ቃሉ እንዳይረሳ ደግሞ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጠፈ። በር ቆልፎ ቁልፉን እበሩ ላይ እንደ ማንጠልጠል ማለት ነው።

አምና ባንታምላክ የሚባል ሠራተኛ በወባ ሞተ። ደረሰ የሚባለው የዕድሩ ሰብሳቢ ላፕቶፑን ከፍቶ የእናቱን ስልክ አገኘና ደወለ። መርዶ እኮ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ያቺ እናት ግን ከገበያ ስትመለስ፣ መንገድ ላይ ብቻዋን ሳለች ሰማችው። ወድቃ ያገኟት መንገደኞች ናቸው። ደረሰ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ ነው። ምን ያደርጋል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ከደረሰ ይልቅ ራሷን የወቀሰችው እትዬ ዙፋን ናት። ወረቀቱን ቀደደችው። በእናት ስልክ ፋንታ የቄስ ወይም የሽማግሌ ስልክ መመዝገብ ጀመረች። የሟች ዘመድ እዚህም አገር ቤትም ካለ፣ አንዱ ከሌላው በስልክ እንዳይሰማ መርዶው በአንድ ጠዋት በሁለቱም ዘንድ ይነገር የሚል ደንብም አወጣች። የቀራት መቆለፊያ ብቻ ነበር።

«አዲስ የይለፍ ቃል አውጪና በሆድሽ ያዢዋ» አልኳት።

«እኔ ስጽፍ ፊደሉን እየጠራሁ ነው የምጽፍ። ቤቱ ሙሉ ይሰማል» አለች።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ያወጣሁላት አቧራ ሲጠጣ የከረመውን ርካሹን ካሜራ ነው። ካርቶኑ ላይ ፊት ይለያል የሚል ጽሑፍ አለበት። ፕሮግራም ጫንኩበት፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ከፈተላት። ደስ ብሎኝ ልጠቀልልላት ስል ከጉያዋ የዕድር መታወቂያዋን አወጣችና ፎቶውን ካሜራው ፊት ያዘችው። ለፎቶውም ከፈተ።

«ይሄ እኔን አላወቀም» አለችኝ። አፈርኩ።

ሁለተኛው ከፖርት ሱዳን የመጣ፣ ስም የሌለው ግን ደህና ዕቃ ነው። ዐይናችን የማያየውን ብርሃን ፊት ላይ እየረጨ ስለሚያይ፣ መብራት ጠፍቶ በጨለማ እንኳ ሰው ይለያል። ፎቶዋን ብታሳየው ዝም አለ። ራሷ ስትቀርብ ተከፈተ። ሦስተኛውን፣ ስመ ጥሩውንና ዋጋው እጥፍ የሆነውን፣ በእጇ እንኳ አልነካችውም፤ ስም ልትገዛ እንዳልመጣች ነገረችኝ። ፊቷን ከመዘገብኩ በኋላ ካሜራው ቢበላሽ የሚያገለግል ምስጢር ቁጥር እንዳለ ስነግራት ጀርባዬን አዞረችኝ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠራ ጻፈች።

ዘንድሮ በኅዳር፣ የሰሊጥ አጨዳው ሳያልቅ፣ ደረሰ ፊቱ አመድ መስሎ ሱቄ መጣ።

«አየነው ሞቷል» አለኝ። አየነው የእትዬ ዙፋን ታናሽ ወንድም ነው። ፋሽጋ ላይ ከትራክተር ወድቆ፣ በዚያ ሙቀት ሬሳው አያድርም ተብሎ እዚያው ቀብረውታል።

«እሷ ሰምታለች?»

«እንዴት ትሰማ! ነገ ጠዋት እሷም እናቷም እኩል ነው የሚሰሙት። ያገራቸውን ቄስ ስልክ ፈልጌ ነው፤ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። አንተ ክፈትልን።»

የሸጥኩት ዕቃ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መዝገቡን የሚከፍተው የእሷ ፊት ነው፤ ምስጢር ቁጥሩንም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ገና መስማት የለባትም።

«ወላሂ አልችልም» አልኩት።

መላ ብናጣ ካሜራ ልናጸዳ የመጣን መስለን አብረን ሄድን። ገና ስታየኝ ሳቀች። «ዕቃዬ ተበላሸ ልትለኝ ነው?» እያለች ተቀመጠች። ካሜራው ወዲያው አወቃትና ከፈተ። ውሃ ጠማኝ አልኳት፤ ልትቀዳልኝ ወጣች። ደረሰ የአየነውን ስም ፈለገና ቁጥሩን መዳፉ ላይ መገልበጥ ጀመረ።

ዘወር ስል እትዬ ዙፋን ጣሳውን ይዛ ከኋላችን ቆማለች። ስክሪኑ ላይ የወንድሟ ስም አለ።

ጣሳውን ሰጠችኝ። ምን ላድርግ፣ ጠጣሁ። እሷ ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የደረሰን መዳፍ ሳብ አድርጋ አየችው።

«የመጨረሻውን አሳስተኸዋል» አለችው። «ሰባ አራት ነው።»

«እትዬ ዙፋን…» አለ ደረሰ።

«ለአባ ደውል። ለናቴ አይዶለም፣ ለአባ። ነገ ጎህ ሲቀድ ኑ። እስከዚያ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

በማግስቱ ንጋት ላይ ሄድን። የዕድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ እኔም እስላሙ ከመካከላቸው ነበርኩ። በሩ ተከፍቷል። ግቢው ተጠርጓል፤ ለምንቀመጥበት ምንጣፍ ተነጥፏል። መካከሉ ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ሴቶቹም ሄደው ግራና ቀኟን ያዙ።

ደረሰ ነገራት። የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። ስትወድቅ መሬት አልነካችም፤ ሁላችንም ይዘናት ነበር።