የፍልፈል ወጥመድ አሰልጣኟ እኔ ነኝ

አለፍኩ! ከዛሬ ጀምሮ የፍልፈል ወጥመድ አሰልጣኝ ነኝ፤ የምስክር ወረቀቱም በእጄ ነው።

ወጥመድ ማጥመዱንማ ገሳይ ባለው የድንች ማሳችን ላይ ከአባቴ ጋር ስሠራው ነው ያደግኩት። ደብረ ታቦር የተፈተንኩት ግን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ አጥምዶ የማያውቅ ሰው በአፍ ብቻ እንዳስተምር ነው። የወጥመዱን ገመድ ከነካሁ ወደቅኩ ማለት ነው። የደረሱኝ ተማሪ አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

«አንቺ ታዢ፣ እኔ ልቆፍር?» ብለው ሳቁብኝ።

«አዎ አባ፣ ጉድጓዱን ይክፈቱት። ፍልፈል ብርሃን አይወድም፤ ሊደፍነው ሲመጣ ሸምቀቆው ይይዘዋል።»

ሸምቀቆውን ሲያላሉት እጄ ሊያመልጠኝ ነበር። ጥርሴን ነክሼ «ጠበቅ ያድርጉት» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ሸምቀቆው የታሰረበት የታጠፈ እንጨት ተፈናጠረ።

«ያዝኩት!» ብለው ጮኹ ቄሱ። እኔም አብሬ ጮህኩ።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ማሳችን ላይ አስተምራለሁ። ፍልፈል ያስቸገራችሁ ሁሉ ዶማ ይዛችሁ ኑ፤ የምትቆፍሩት ግን እናንተ ናችሁ።