የማማ ሃዋ አውራ ጣት

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጅቡቲ ወደብ ደርሼ መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እፍረቱም እንደ አዲስ ይሰማኛል።

የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ጭነት እስኪደርሰን ስንጠብቅ ምግብ የምበላው ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ማማ ሃዋ ቤት ነው። ማማ ሃዋ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። መጀመሪያ አንቱ ስላት "አንቺ በለኝ አቦ፣ አታስረጀኝ" ብላ ተቆጥታኛለች። ጾም ሲገባ ለእኔ ብቻ የምትለየው ድስት አላት። ሥጋም ዓሣም የነካው ማንኪያ አታስገባበትም። "ጾምህን በእኔ እጅ አትሽርም" ትለኛለች።

አንድ ቀን ስደርስ ቀኝ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ አገኘኋት። የዓሣ እሾህ አውራ ጣቷን ወግቷት አመርቅዞ ነበር። ጣቷ አብጦ ቢላ መያዝ አቅቷታል። ባሏ ሞቷል፤ ቤቱ የሚያድረው በዚያ እጅ ነው።

ንብ የሚያረባው ወንድሜ የሰጠኝ ጠርሙስ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ንቦች የቀፏቸውን ስንጥቅ የሚደፍኑበትን ሙጫ እየፋቀ ያጠራቅምና መድኃኒት ይሠራበታል። አገር ቤት ቁስል ላይ ይቀቡታል፤ ጉሮሮ ሲያም ይጉመጠመጡበታል። እኔ ከፍቼ እንኳን አላየሁትም። ግን እንደ ሐኪም ሆኜ "ጠዋትና ማታ ቀቢው፤ የንብ ሙጫ ነው፣ መግል ያደርቃል" ብዬ ሰጠኋት።

"ንብማ ቁርአን ውስጥም አለች" አለችና ከፍታ አሸተተችው። ፊቴን አየት አደረገች። ከዚያ "አላህ ይስጥህ ልጄ" ብላ ከደነችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ጣቷ ድኗል። "መድኃኒቱስ?" ስላት "አልሃምዱሊላህ፣ ይኸው ዳንኩ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ችሎኝ። ላገኘሁት ሾፌር ሁሉ አወራሁ። እግሩ ላይ የስኳር ቁስል ላለበት ጓደኛዬ ለተስፋዬም ከወንድሜ አስልኬ አንድ ጠርሙስ ሰጠሁት። እሱም አምኖኝ የክሊኒክ ቀጠሮውን ተወ።

ሌላ ጠርሙስ ልወስድ ወንድሜ ጋ ስሄድ ሲሠራው አየሁ። ሙጫውን ሰባብሮ ጠርሙስ ውስጥ ከተተና አረቄ ሞላበት። "ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት። "በውኃ እኮ በደንብ አይሟሟም። የበፊቱም እንደዚሁ ነው" አለኝ።

ጾሜን የምትጠብቅልኝ ሴት ቤት አረቄ አስገብቻለሁ።

ጅቡቲ እስክገባ ድረስ ሳብሰለስል ነው የነዳሁት። ቤቷ ገብቼ ሳልቀመጥ ነገርኳት። "ይቅር በይኝ ማማ፣ አላወቅኩም" አልኳት።

ማማ ሃዋ ከቁም ሳጥኑ ጠርሙሱን አወጣች። እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር።

"ሽታውን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ደስ ብሎህ ነው የሰጠኸኝ፣ ፊትህን ማጥቆር አልፈለግኩም። ሆስፒታል ሄጄ ጣቴን ቀደው መግሉን አወጡልኝ፣ ኪኒንም ሰጡኝ። ሐኪሙ 'ብትቆዪ ኖሮ ጣትሽን ታጪው ነበር' አለኝ፣ ወላሂ።"

ተስፋዬ ትዝ አለኝ። እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ማበጡን ነገረኝ። "ሌላውን ተወው፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ" አልኩት። በማግስቱ ሆስፒታል ተኛ። ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆረጡ፤ እግሩ ተረፈ።

ማማ ሃዋ ይህን ስነግራት አለቀሰች። "ዝምታዬ ነው ያጠፋው" አለች። የእሷ ዝምታ አይደለም፤ የእኔ ምላስ ነው።

ወንድሜ ዛሬም ለትንሽ ጭረት ሙጫውን ይቀባል፤ አልነቅፈውም። እኔ ግን የቆሰለ ሰው ባየሁ ቁጥር መድኃኒት ከማዘዝ ይልቅ ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ።

ማማ ሃዋ ያቺን ድስት አሁንም ትለይልኛለች። የጾም ምግቤን ስታቀርብልኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የምበላው።