በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ያለችው የወፍ እግር

ኦስዊን ሃርል በሰባ ሁለት ዓመቱ ከደጁ የሚያስወጣው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እርሱም በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ወደ ስኬርሃቨን መንደር እየመጣች መጻሕፍት የምታውሰው መኪና ናት። መኪናዋ በዓሣ አጥማጆቹ ጸሎት ቤት አጠገብ አርባ ደቂቃ ትቆማለች። ኦስዊን ከመምጣቷ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። ዝናብ ቢወርድም ከጸሎት ቤቱ ግድግዳ ሥር አይጠለልም፤ ግድግዳውን ተደግፎ የሚጠብቀው የቆየ ባላንጣው ሴሲል ፔንሪስ ነውና።

የሚያነባቸው መጻሕፍት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የስለላ ልብ ወለድና፣ ሰዎች በበረዶና በባሕር ያሳለፉትን መከራ ወይም የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ የሚተርክ እውነተኛ ታሪክ። ፍቅር የበዛበትን ገጽ ሳያነብ ያልፈዋል። ከስለላው የሚወድደው ከሃዲው ማን እንደሆነ ጸሐፊው ሳይነግረው በራሱ መለየትን ነው። በብሬድ ደሴት መብራት ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠባቂ ሆኖ ሲኖር የሠለጠነውም በዚሁ ነበር፤ ዝም ብሎ ማየት፣ ያዩትን መጻፍ፣ ያላዩትን አለመናገር።

ችግሩ የስለላ መጻሕፍት ሽፋን ሁሉ አንድ መሆኑ ነው። ባርኔጣ የደፋ ሰው፣ ጭጋግና ድልድይ የሌለበት የለም። ስለዚህ የመንደሩ ሽማግሌዎች ያነበቡትን ደግመው እንዳይዋሱ እያንዳንዳቸው ምልክት ነበራቸው። ሚስስ ቴልማ ግሬይ የገጽ ዘጠኝን ቁጥር በእርሳስ ትከብባለች። ሌላው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነጥብ ያኖራል። አንዱ የሌላውን ምልክት ሲያይ እንዳላየ ማለፍ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ኦስዊን በገጽ ሠላሳ አንድ ግርጌ ከገብስ ፍሬ የማትበልጥ ባለ ሦስት ጣት የወፍ እግር ይስላል። በመብራት ቤቱ መዝገብ ላይ፣ በእርግጠኝነት ካየው ወፍ ስም አጠገብ ያኖራት የነበረችው ምልክት ናት።

መኪናዋን ሚስ ሙሪየል ዶድ በተረከበች ጊዜ ግን በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «በመጽሐፍ ላይ የጻፈ፣ ያሰመረ ወይም ምልክት ያኖረ አባል ካርዱን ለዘለቄታው ይነጠቃል።» ሚስ ዶድ የተናገረችውን የማታጥፍ ሴት ነበረች። ኦስዊን እርሳሱን ይበልጥ ቀጭን አድርጎ ቀረጸና ልማዱን ቀጠለ።

ክፉው ነገር የጀመረው በመጋቢት ነው። ኦስዊን አዲስ የተዋሰውን መጽሐፍ ሲገልጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደላት «ከሃዲው ሐኪሙ ነው» የሚል ተጽፎ አገኘ። ቢያነበው እውነትም ሐኪሙ ነበር። የሚቀጥለው ላይ «አትድከም፤ የሸጠችው ሚስቱ ናት» ይላል። እስከ ግንቦት ድረስ ስድስት መጻሕፍት እንዲሁ ተበላሹበት። በእነዚህ ላይ የወፍ እግሯን አልሳለም፤ ነገሩን ግን በሆዱ ያብላላው ጀመር።

አንድ ሐሙስ ከመጋቢት በፊት ያነበባቸውን ከመደርደሪያው እያወረደ አገላበጠ። የወፍ እግር ባለባቸው ላይ አንድም ቃል አልተጻፈም። የተጻፈው ምልክቷ በሌለባቸው፣ እርሱ ገና ባላነበባቸው ላይ ብቻ ነበር። እንግዲያስ ጠላቱ ምልክቷን ያውቃል። የመብራት ቤቱን መዝገብ አገላብጦ የሚያውቅ ደግሞ ከእርሱ ሌላ አንድ ሰው ነው።

ሴሲል ፔንሪስ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ከዓመታት በፊት ለሦስት በጋ ወደ ደሴቲቱ እየተመላለሰ ከኦስዊን ማዕድ በልቷል፣ መዝገቡንም ተውሶ ገልብጧል። ከዚያ የደሴቲቱን አዕዋፍ የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የኦስዊን ስም የለም፤ ያለው «አንድ ጠባቂ» የሚል ነው። ይባስ ብሎ ፓፊን የተባሉት ምንቃረ ቀለማም ወፎች ደሴቲቱን የሚለቁት በጥቅምት ነው ብሎ ጻፈ። ኦስዊን የመኪናዋን ቅጂ ተውሶ በኅዳጉ ላይ በቀለም አረመው፤ «ውሸት። ነሐሴ ሲጋመስ አንድም አይቀርም።» እንዲህ ያለ እርማት ሠላሳ ስድስት ቦታ ጽፎ መለሰ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆነው ኖሩ።

አሁን ኦስዊን የተያዘው በወጥመድ ነበር። ፔንሪስን ለማጋለጥ የወፍ እግሯ የእርሱ መሆኗን ማመን አለበት፤ ካመነ ካርዱን ያጣል። ዝም ካለ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ፔንሪስ የነገረውን መጨረሻ ሊያነብ ነው። ለሁለት ሳምንት አሰበበት።

በቀጠሮው ሐሙስ ፔንሪስ ከግድግዳው ሥር ሆኖ ተጣራ።

«ምነው ኦስዊን፣ እጅህ ባዶ ነው? የስለላ ሱስህ ለቀቀህ እንዴ?»

«አንተን ምን አገባህ?»

«አይ፣ አዝኜልህ ነዋ! በዚህ ዕድሜህ እኮ መጨረሻውን ቀድሞ የሚነግርህ ሰው ያስፈልግሃል።»

ኦስዊን መኪናዋ ስትቆም ቀድሞ ገባና ከመደርደሪያው አሥራ አንድ መጻሕፍት፣ የተጻፈባቸውን ስድስትና የወፍ እግሯ ያለችባቸውን አምስት፣ አውርዶ በሚስ ዶድ ጠረጴዛ ላይ ከመራቸው።

«ሚስ ዶድ፣ መጽሐፍዎን የሚያበላሸውን ሰው ላሳይዎት።»

«ማስረጃ ካለዎት ያቅርቡ። ከሌለዎት ወረፋ አይዝጉብኝ።»

«ገጽ ሠላሳ አንድን ይክፈቱ።»

ከፈተች። መነጽሯን አስተካክላ አጎነበሰች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«የወፍ እግር ነው።»

«የማን?»

ከኋላው የቆመችው ቴልማ ግሬይ የያዘችውን መጽሐፍ ደረቷ ላይ አጥብቃ «ዝም በል አንተ ሰው፣ ሁላችንንም ታስጨርሰናለህ!» ብላ አንሾካሾከች።

«የኔ ነው» አለ ኦስዊን።

ፔንሪስ በሩ ላይ ቆሞ ከት ብሎ ሳቀ። «ይኸው! ራሱን በራሱ ጠፍሮ አሰረ! ሚስ ዶድ፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«አልጨረስኩም» አለ ኦስዊን ወደ እርሱ ዞሮ። «ምልክቷ ያለችበት ሁሉ ንጹሕ ነው። የሌለችበትን ነው እየመረጥክ ያቆሸሽከው። መዝገቤን ሦስት በጋ ስትገለብጥ አይተሃታል።»

«እኔ ምልክትህን በምን አውቄው? የአንተ ጭረት ትዝ ሊለኝ?» ፔንሪስ ወደ አዕዋፍ መደርደሪያ ተንደርድሮ የገዛ መጽሐፉን መዘዘና ጠረጴዛው ላይ አጮኸው። «ይልቅ ይህንን ይዩልኝ! ይህ የማን እጅ ነው? ስንት ዓመት የለፋሁበትን!»

ሚስ ዶድ መጽሐፉን ሳትቸኩል ገለጠችው። በቀለም የተጻፉትን እርማቶች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሰችና ከርዕሱ ትይዩ ባለው ፎቶግራፍ ላይ ቆየች። ፎቶግራፉ የመብራት ቤቱን መዝገብ አንድ ገጽ ያሳያል። ኦስዊን በንዴት ጽሑፉን ብቻ ሲያርም፣ ያን ሁሉ ዓመት ያላስተዋለው ነበር። ከሥሩ ያለውን ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ባለ ሦስት ጣቷ የወፍ እግር፣ ጠባቂው በእርግጠኝነት ላየው ወፍ የሚያኖራት ምልክት ናት።›» መጽሐፉን ዘጋችው። «ሚስተር ፔንሪስ፣ አላውቃትም ያሏትን ምልክት ራስዎ አሳትመዋታል።»

የፔንሪስ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። «ቢሆንስ! ሥራዬን በቀለም ሲያበላሽ ማን ጠየቀው? እኔ የጻፍኩት በእርሳስ ነው! በላጲስ ይጠፋል!»

ፔንሪስ ያመነ መሆኑ ለራሱም የገባው ዘግይቶ ነበር።

«ካርዳችሁን» አለች ሚስ ዶድ።

ሁለቱንም በመቀስ ለሁለት ቆረጠቻቸው። ኦስዊን ሊወጣ ሲል ጠራችውና የፔንሪስን መጽሐፍ ዘረጋችለት። «ይህ ለሌላ አንባቢ አይሆንም። ያበላሹት እርስዎ ስለሆኑ ይውሰዱት።»

ፔንሪስ ደረጃው ላይ ቀድሞት ቆሞ «ደስ አለህ?» አለው።

«የአንተን ካርድ ስትቆርጠው፣ አዎ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ኦስዊን የመኪናዋን ሞተር ድምፅ ከወጥ ቤቱ ሆኖ ሰማ። በመስኮት ሲያይ ፔንሪስ ካርድም ሥራም ሳይኖረው ከግድግዳው ሥር ቆሟል። ልማድ ነው። ኦስዊን መጋረጃውን ሳበና በቤቱ ካለው ብቸኛ መጽሐፍ ፊት ተቀመጠ። ያላረመው ስሕተት ቢኖር ሊለቅም፣ ብዕሩን በእጁ ይዟል።

ገጽ ሃምሳ ስምንት ላይ ደረሰ። የፓፊን ጫጩቶች ከጉድጓዳቸው ወጥተው ብቻቸውን ወደ ባሕር እንደሚወርዱ፣ የመብራቱ ጮራ የጨረቃ ብርሃን እየመሰላቸው ወደ መብራት ቤቱ በር እንደሚመጡ ይተርካል። «አንድ ጠባቂ በማለዳ በባልዲ እየለቀመ ከባሕሩ ያደርሳቸዋል» ይላል። ኦስዊን ሦስት ጊዜ አነበበው። የሚያርመው ፈለገ። ባልዲው ባልዲ ነበር፤ ማለዳውም ማለዳ። አንዲትም ስሕተት የለበትም።

«አንድ ጠባቂ» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ «ኦስዊን ሃርል» ብሎ ጻፈ። በገጹ ግርጌም የወፍ እግሯን፣ በዚህ ጊዜ በቀለም፣ አትልቆ ሳላት።