አሚን ያልጎደለበት ዲሽ ቤት

ባለፈው ወር መካነ ሰላም ሄጄ ጋሽ ይመር ግቢ ስገባ፣ ያ ትልቅ የዲሽ ሳህን መሬት ላይ ተንጋሎ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶበት አገኘሁት። በርበሬው አስነጠሰኝ፣ ሳቄም መጣ፤ የልጅነቴ የቅዳሜ ከሰዓት ኳስም ትዝ አለኝ።

ለከተማችን የመጀመሪያው ዲሽ ነበር። ጋሽ ይመር ከላላ ገበያ የምታመላልሳቸውን በቅሎ ሸጠው ሲያስመጡት «በቅሎ ሰጥቶ ሳህን!» ብሎ ያልሳቀባቸው አልነበረም፤ ያው ሳቂ ሁሉ ግን በመጀመሪያው ቅዳሜ ከፍሎ ኳስ ለማየት በሩ ላይ ተጋፋ። አግዳሚው ሞልቶ የተረፈው ይቆማል፣ በዝናብ የራሰ ጋቢ ከተቆላ ሽምብራ ጋር ይሸታል፣ ከወግዲ በጭነት መኪና የመጣው ሰው ጭቃውን ሳያራግፍ «ተጀመረ እንዴ?» እያለ ይገባል፤ እኔም፣ በዲሽ ቤቱ ብቸኛዋ ሴት ልጅ፣ ከአባቴ ጋቢ ሥር ተሸጉጬ በደስታ እቁነጠነጣለሁ።

ያለ ዱዓ ጨዋታ አይታይም። ጋሽ ይመር ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው «መብራት አይጥፋ! ጠብ አይግባ! ጨዋታው ይድመቅ!» ሲሉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አሚን!» ይላል፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

አንድ የዋንጫ ቀን ግን ስሜት አሸነፋቸውና «ቀዮቹን አሸናፊ አድርግልን» አሉ። የሰማያዊዎቹ ደጋፊዎች አፋቸውን ግጥም አደረጉ። ቀዮቹ ተሸነፉ። ኳሷን ወደ ሰማይ የላካትን አጥቂ የወቀሰ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ተሸናፊው ሁሉ «አሚኑ ጎድሎ ነው!» ብሎ ጋሽ ይመርን ከበባቸው። የቀዮቹ ደጋፊ አባቴማ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ ነፈጋቸው። ጋሽ ይመር ፈሩ፤ በቅሎዋ ሄዳለች፣ ሰውም ከቀረባቸው ምን ይተርፋቸዋል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱንም ወገን እኩል መረቁ፤ አሚኑም ሞላ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ። መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ሳህን በየጣሪያው በቀለ፤ ቆይቶም ኳሱ ስልክ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ቆሞ የሚያየው ሰው ቀረ፣ አግዳሚው ሳሳ፣ አባቴም ከቤቱ ማየት ለመደ። ጋሽ ይመር ግን «ሰው ቢመጣስ» እያሉ በየቅዳሜው አግዳሚውን መወልወል አልተዉም። አሁንም ንጹሕ ነው፤ ባለፈው ወር እዚያው አስቀመጡኝ።

ቅዳሜ ነበርና ስልኬን አውጥቼ ጨዋታ ከፈትኩላቸው።

«ቆዪ እንጂ ልጄ! ዱዓ ሳይደረግ?» አሉና ብድግ አሉ።

እጃቸውን ዘርግተው የድሮውን ምርቃት አንድም ሳያስቀሩ መረቁ። እኔም ጮክ ብዬ «አሚን!» አልኩ። ጋሽ ይመር ግን እጃቸውን አላጠፉም፤ ባዶውን አግዳሚ እያዩ የቀረውን አሚን ጠበቁ።