የእናቴ የማለዳ እርምጃ

ዛሬ ማለዳ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ በእግሬ ስሄድ ሰሊጥ የጫነ ሎሪ አጠገቤ ቆመ። ሽታው እዚያው ሱዳን ዶካ ከተማ ያደግሁበትን ጊዜ አስታወሰኝ።

እናቴ የስኳር በሽታ ሲገኝባት፣ ሰው ቢስቅባትም፣ ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች። በየማለዳውም ሎሪዎች የሚያልፉበትን መንገድ ይዛ ትሄድ ነበር፤ እኔም እከተላት ነበር። እዚያ አገር እግረኛ ጥሎ የሚያልፍ ሾፌር የለም።

«ኻልቲ፣ ይሳፈሩ፤ የት ላድርስዎት?» አላት አንድ ቀን አንዱ ወጣት ሾፌር፣ እንደ አገሩ «አክስቴ» ብሎ።

«የትም አልሄድም ልጄ። ሰውነቴን ለማፍታታት ነው።»

ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ።

«እኔኑ ጠይቀኝ» አለችው እሷ። «ደህና ለመሆን ነው የምሄደው።» አቧራውን አልብሶን ሲያልፍ እንኳ እርምጃዋን አልቀነሰችም።

የዛሬውም ሾፌር የት እንደሚያደርሰኝ ጠየቀኝ። «የትም» አልኩት፤ ቀና ብዬ፣ ልክ እንደሷ።