ከየት የመጣ አፈር ነው?

አያቴ አፈር አያምኑም ነበር። ደብረ ታቦር ጓሯችን ውስጥ በድንጋይ ከፍ አድርገን የሠራናቸውን የአትክልት መደቦች ስንሞላ፣ ጆንያውን ሁሉ አስፈትተው እያሸተቱ «ከየት የመጣ ነው?» ይሉናል። ከጉና የመጣውን የበግ ፍግ እንኳ አይምሩም። የታመመ ድንች የበቀለበት አፈር እንዳይገባ ነው ፍርሃታቸው።

የመጨረሻውን መደብ ስሞላ ሰነፍኩና ከጎረቤት የድንች ማሳ ዝቄ «ከጫካው ዳር ነው፣ አባባ» አልኳቸው። አሸተቱት። ዓይን ዓይኔን አዩኝና «አንቺ ካልሽ እንግዲህ» አሉ።

እስኪያርፉ ድረስ እዚያ መደብ ላይ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ተከሉ።

ዘንድሮ እኔ ድንች ተከልኩበት፤ ጠውልጎ ደረቀ። ነጭ ሽንኩርትን የድንች በሽታ አይነካውም፤ ለካ አውቀው ነው ዝም ያሉት።

አሁን ጆንያ ሲገባ የሚጠይቀኝ የለም። ይኸው ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት፣ አባባ፤ ከጎረቤት ማሳ ነበር።